የማስነሻ ሜኑው ቆይታ እንደጻፋችሁት አልሆን ሲል

ሊኑክስና ዊንዶውስ አንድ ላይ የተጫኑበት ኮምፒውተር ሲበራ የትኛው እንዲነሳ የሚያስመርጥ ሜኑ ይመጣል፤ ብዙ ጊዜ የሚያመጣው ግሩብ የተባለው የማስነሻ ፕሮግራም ነው። ሜኑው ምርጫችሁን የሚጠብቅበትን ጊዜ መቀየር ሲነገር ቀላል ነው፦ አንድ ፋይል ከፍቶ አንድ ቁጥር መለወጥ። ችግሩ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። 0 ጽፋችሁ ሜኑው 10 ሰከንድ ይቆማል፤ 5 ጽፋችሁ 30 ይቆጥራል፤ 10 ጽፋችሁ ደግሞ ሜኑው ጭራሽ ሳይታይ ሊኑክስ ይነሳል። ኮምፒውተሩ አልተበላሸም። የጻፋችሁት ቁጥር ስክሪን ላይ እስኪደርስ ድረስ ሌሎች ስክሪፕቶችና ሌሎች ሴቲንጎች ያገኙታል፤ አንዳንዶቹም በራሳቸው ቁጥር ይተኩታል። ስለዚህ ቁጥሩን ደጋግሞ ከመቀያየር ይልቅ የት ላይ እንደተተካ መፈለግ ይሻላል።

አስቀድሞ አንድ ነገር፦ ከዚህ በታች የትእዛዝና የፋይል ስሞች የተጻፉት እንደሚነበቡት ነው። ተርሚናል (ትእዛዝ የሚጻፍበት መስኮት) ላይ የምትጽፏቸው በእንግሊዝኛ ፊደል ነው። «ግሩብ_» ብለው የሚጀምሩት የሴቲንግ ስሞች በሙሉ በትልቁ ፊደል ይጻፋሉ፤ ቃላቱም በታችኛው ሰረዝ ይያያዛሉ። ትእዛዞቹ፣ የፋይል ስሞቹና ከእኩል ምልክቱ በስተቀኝ የሚገቡት ቃላት ግን በትንሹ ፊደል ናቸው።

ሜኑው የማን ነው?

ማብሪያውን ስትጫኑ መጀመሪያ የሚነሳው ማዘርቦርዱ ላይ ያለው ፈርምዌር ነው። በአሁኖቹ ኮምፒውተሮች ዩኢኤፍአይ ይባላል፤ ብዙ ሰው ግን አሁንም ባዮስ ይለዋል። ፈርምዌሩ የራሱ የማስነሻ ዝርዝር አለው። ከዝርዝሩ አናት ላይ ያለውን ስም ያያል፣ ከዚያም ኢኤስፒ በሚባለውና በፋት32 ፎርማት በተደረገው ትንሽ ፓርቲሽን ውስጥ የተቀመጠውን የማስነሻ ፕሮግራም ይጠራል። ኡቡንቱ፣ ዴቢያን፣ ሚንትና ፌዶራ በተባሉት የሊኑክስ ዓይነቶች ላይ ይህ ፕሮግራም አብዛኛውን ጊዜ ግሩብ ነው። ፖፕ ኦኤስ የተባለው ሊኑክስ ሲስተምዲ-ቡት የሚባል ሌላ የማስነሻ ፕሮግራም ይጠቀማል። ዊንዶውስም የራሱ ቡት ማናጀር አለው። ፈርምዌሩን ጨምሮ ሁሉም የየራሳቸው ቆጠራ አላቸው፤ የአንዱን መቀየር ሌላውን አይነካም።

በዓይን መለየት ይቻላል። ከላይ የግሩብ ስምና የቨርዥን ቁጥር፣ ከታች የሰከንድ ቆጠራ ያለበት ሜኑ የግሩብ ነው። ርእስ የሌለው፣ መሃል ላይ ጥቂት መስመሮች ብቻ የተደረደሩበት የሲስተምዲ-ቡት ነው። ሰማያዊ መደብ ላይ ትልልቅ ሳጥኖች ያሉት ደግሞ የዊንዶውስ ነው። ከተጠራጠራችሁ ሊኑክስ ውስጥ ገብታችሁ «ኢኤፍአይቡትኤምጂአር» የሚለውን ትእዛዝ ስጡ። «ቡትከረንት» የሚለው መስመር ኮምፒውተሩ አሁን በየትኛው እንደተነሳ፣ «ቡትኦርደር» የሚለው ደግሞ ተራው እንዴት እንደሆነ በአራት አራት አሃዝ ያሳያል። እዚያው «ታይምአውት» የሚል መስመር ታያላችሁ። ይህ የፈርምዌሩ ነው፤ ከግሩብ ሜኑ ጋር አይገናኝም። ይህን አስተካክሎ የግሩብ ቆይታ ይቀየራል ብሎ የሚጠብቅ ሰው ብዙ ነው።

ቁጥሩ የሚጻፍበት ፋይል

ግሩብ ላይ የምትነኩት ፋይል «/ኢቲሲ/ዲፎልት/ግሩብ» ነው። ከመንካታችሁ በፊት ቅጂ አስቀምጡ፦

«ሱዶ ሲፒ /ኢቲሲ/ዲፎልት/ግሩብ /ኢቲሲ/ዲፎልት/ግሩብ.ባክ»

ከዚያ በ«ሱዶ ናኖ /ኢቲሲ/ዲፎልት/ግሩብ» ክፈቱት። ሁለት ኦፐሬቲንግ ሲስተም ላለው ኮምፒውተር የሚስማማው አጻጻፍ ይህ ነው፦

ግሩብ_ታይምአውት_ስታይል=ሜኑ
ግሩብ_ታይምአውት=8

ሁለተኛው መስመር የሰከንዱ ቁጥር ነው። 0 ከሆነ ምንም ሳይጠብቅ ያስነሳል፤ -1 ከሆነ ሰው እስኪመርጥ ድረስ ሳይንቀሳቀስ ይጠብቃል። የመጀመሪያው መስመር ደግሞ በእነዚያ ሰከንዶች ውስጥ ስክሪኑ ላይ ምን እንደሚታይ ይወስናል። «ሜኑ» ዝርዝሩን ያሳያል። «ካውንትዳውን» ዝርዝሩን ደብቆ የቀረውን ሰከንድ ብቻ በአንድ መስመር ይቆጥራል። «ሂደን» ምንም አያሳይም፤ ግን ኢስኬፕ ቁልፍ ይነካ እንደሆነ በዝምታ ይጠብቃል። ሁለቱን መስመሮች ለይቶ መያዝ ያስፈልጋል። ስታይሉ «ሂደን» ከሆነ 10 ብትጽፉም 20 ብትጽፉም የምታገኙት ባዶ ስክሪን ላይ የሚባክን ጊዜ ነው።

በአሮጌ ጽሑፎች ውስጥ «ግሩብ_ሂደን_ታይምአውት» የሚባል ሴቲንግ ታገኛላችሁ። ጊዜው ያለፈበት ነው። ፋይላችሁ ውስጥ ካለ መስመሩን አጥፉት፤ ከአዲሶቹ ሁለት መስመሮች ጋር ሲጣመር ውጤቱን ያምታታዋል።

ፋይሉ የሼል ስክሪፕት ሆኖ ስለሚነበብ አጻጻፉ ላይ ጥብቅ ነው። በእኩል ምልክቱ ግራና ቀኝ ባዶ ቦታ አይገባም። መስመሩ መጀመሪያ ላይ የመሰላል ምልክት ካለ መስመሩ እንደ ማስታወሻ ይታለፋል። አንድ ሴቲንግ ሁለት ቦታ ከተጻፈ የሚሠራው የኋለኛው ነው። ከድረ ገጽ ገልብጣችሁ ስትለጥፉ የተጠማዘዘ የጥቅስ ምልክት አብሮ ከመጣ ስክሪፕቱ በትክክል አያነበውም፤ ቀጥ ባለው ምልክት ተኩት።

ፋይሉን ሴቭ ማድረግ ብቻውን ምንም አይለውጥም። ግሩብ ሲነሳ ይህን ፋይል አያየውም፤ የሚያነበው ከዚህ ፋይል የሚመነጨውን «/ቡት/ግሩብ/ግሩብ.ሲኤፍጂ» ነው። ማመንጫው ትእዛዝ ኡቡንቱ፣ ዴቢያንና ሚንት ላይ «ሱዶ አፕዴት-ግሩብ» ነው። አርች ላይ «ሱዶ ግሩብ-ኤምኬኮንፊግ -ኦ /ቡት/ግሩብ/ግሩብ.ሲኤፍጂ» ይባላል። ፌዶራ ላይ ትእዛዙም ፎልደሩም 2 ቁጥር ይጨመርባቸዋል፦ «ሱዶ ግሩብ2-ኤምኬኮንፊግ -ኦ /ቡት/ግሩብ2/ግሩብ.ሲኤፍጂ»። ከፌዶራ 34 ጀምሮ ኢኤስፒው ውስጥ በፌዶራ ስም ያለው ግሩብ.ሲኤፍጂ ወደ ዋናው ፋይል የሚመራ ጥቂት መስመር ብቻ ነው። ከዚያ በፊት የተጻፉ መመሪያዎች ውጤቱን እዚያ ላይ እንድትጽፉ ያዛሉ፤ አትከተሏቸው።

የመነጨውን ፋይል በእጅ ማረምም አያዛልቅም። ዛሬ ይሠራል፣ ቀጣዩ የከርነል (የሊኑክሱ እምብርት) አፕዴት ሲመጣ እንደገና ይመነጭና ያረማችሁት ይጠፋል።

የመነጨውን ፋይል አንብቡ

ብዙ ሰው የሚዘለው እርምጃ ይህ ነው፤ ለእኔ ግን ከሁሉም የበለጠ ጊዜ የሚቆጥበው ይኸው ነው። ኮምፒውተሩን ደጋግሞ ከማጥፋትና ከማብራት በፊት ይህን ስጡ፦

«ሱዶ ግሬፕ -ኤን ታይምአውት /ቡት/ግሩብ/ግሩብ.ሲኤፍጂ»

ታይምአውት የሚለው ቃል ያለባቸው መስመሮች ከነመስመር ቁጥራቸው ይዘረዘራሉ። «ሴት ታይምአውት=8» የሚል መስመር አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ታያላችሁ፤ ሁለተኛው ለአሮጌ የግሩብ ቨርዥኖች የተቀመጠ መጠባበቂያ ስለሆነ አያሳስባችሁ። ኡቡንቱ ላይ ከሆናችሁ «ሴት ታይምአውት=30» የሚል በመካከል ይኖራል፣ ከታች ደግሞ «ሴት ታይምአውት=10» የሚል ሊኖር ይችላል። ግሩብ ፋይሉን ከላይ ወደ ታች ነው የሚያነበው። መስፈርቱ ከተሟላ የታችኛው መስመር የላይኛውን ይሽረዋል።

እናንተ የጻፋችሁት 8 ፋይሉ ውስጥ የትም ከሌለ ጥፋቱ ከማመንጨቱ በፊት ነው። አንድም አጻጻፍ ተሳስቷል፤ አለዚያም ዴቢያንና ኡቡንቱ ላይ «/ኢቲሲ/ዲፎልት/ግሩብ.ዲ» በሚባለው ፎልደር ውስጥ ሌላ ፋይል አለ። እዚያ ያሉትና ስማቸው በ«.ሲኤፍጂ» የሚያልቅ ፋይሎች የሚነበቡት ከዋናው ፋይል በኋላ ስለሆነ የእነሱ ቃል ያሸንፋል። «ግሬፕ -አር ታይምአውት /ኢቲሲ/ዲፎልት/ግሩብ.ዲ» ብትሉ የትኛው ፋይል እንደሆነ ይነግራችኋል፤ ታይምአውት እዚህ በትልቁ ፊደል ነው።

8 ፋይሉ ውስጥ ካለና ስክሪኑ ላይ ግን ሌላ የምታዩ ከሆነ ቀጥሎ ካሉት አንዱ ነው።

0 የተጻፈው 10 ሲሆን

ይህ የኡቡንቱ ጠባይ ነው። ኡቡንቱ ሲጫን «ሂደን» እና 0 ሆኖ ይመጣል፤ ብቻውን ላለ ሊኑክስ ይህ ትክክል ነው። ዊንዶውስ አጠገቡ ካለ ግን ተጠቃሚው መምረጫ ያጣል። ስለዚህ «/ኢቲሲ/ግሩብ.ዲ» ውስጥ ያለው «30_ኦኤስ-ፕሮበር» የተባለው ስክሪፕት ሌላ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ሲያገኝ፣ ስታይሉ ተደብቆ ከሆነ ወደ «ሜኑ» ይመልሰዋል፤ ቁጥሩ 0 ከሆነም 10 ያደርገዋል። የመነጨው ፋይል ታችኛው ክፍል ላይ ያያችሁት 10 የመጣው ከዚህ ነው።

መፍትሔው ስክሪፕቱን መቆራረጥ አይደለም፤ የግሩብ ፓኬጅ ሲታደስ ከእናንተ ቅጂ ጋር ይጋጫል። ስክሪፕቱ የሚተካው በትክክል 0 የሆነውን ብቻ ስለሆነ 1 ጻፉ። ሜኑው ለአንድ ሰከንድ ብልጭ ብሎ ያልፋል። በዚያች ሰከንድ ማንኛውንም የቀስት ቁልፍ ከነካችሁ ቆጠራው ይቆማል፣ ተረጋግታችሁ ትመርጣላችሁ።

30 ከየት መጣ?

ግራ የሚያጋባው ይህ ነው፤ አንዳንድ ቀን ይታያል፣ አንዳንድ ቀን ይጠፋል። ኡቡንቱና ከእሱ የወጡት ላይ ግሩብ ሊኑክስን ሊያስነሳ ሲል «ሪኮርድፌል=1» የሚል ምልክት «/ቡት/ግሩብ/ግሩብኤንቭ» በሚባል ትንሽ ፋይል ውስጥ ይጽፋል። ሊኑክሱ በደህና ከተነሳ የሊኑክስን ሰርቪሶች የሚያስጀምረው ሲስተምዲ «ግሩብ-ኮመን» የተባለውን ሰርቪስ ያስኬድና ምልክቱን ያጠፋዋል። መሃል ላይ መብራት ከጠፋ፣ ከርነሉ ከተንጠለጠለ፣ ወይም ማብሪያውን ተጭናችሁ በግድ ካጠፋችሁት ምልክቱ እንዳለ ይቀራል። በሚቀጥለው ጊዜ ግሩብ ምልክቱን ሲያይ «ባለፈው አልተሳካም» ብሎ የእናንተን ቁጥር ትቶ ሜኑውን 30 ሰከንድ ያቆያል። ዊንዶውስን መርጣችሁ ብትገቡ ምልክቱ አይጠፋም፤ ሊኑክስ አንድ ጊዜ በደህና እስኪነሳ ድረስ 30ው ይቀጥላል።

ሊኑክስ ውስጥ ሆናችሁ እንዲህ ፈትሹ፦

«ሱዶ ግሩብ-ኤዲትኤንቭ /ቡት/ግሩብ/ግሩብኤንቭ ሊስት»

ዴስክቶፑ ሙሉ በሙሉ ከተነሳ በኋላም «ሪኮርድፌል=1» ካለ ማጥፊያው ሰርቪስ አልሠራም ማለት ነው። «ሲስተምሲቲኤል ስታተስ ግሩብ-ኮመን» ምክንያቱን ያሳያችኋል፤ ምልክቱን ለአሁኑ በእጅ ለማጥፋት «ሱዶ ግሩብ-ኤዲትኤንቭ /ቡት/ግሩብ/ግሩብኤንቭ አንሴት ሪኮርድፌል» በሉ። ፋይሉን በናኖ ከፍታችሁ እንዳትነኩት። መጠኑ በትክክል 1024 ባይት መሆን አለበት፤ አንድ ፊደል ከጨመራችሁ ወይም ከቀነሳችሁ ግሩብ አያነበውም።

በየቀኑ ሳያቋርጥ 30 የሚሆንበት ሌላ ሁኔታም አለ። ግሩብ ግሩብኤንቭን የሚጽፈው ዲስኩ ላይ አስቀድሞ በተያዘለት ቦታ ላይ ብቻ ነው። ኤልቪኤም፣ ቢቲአርኤፍኤስና ዜድኤፍኤስ በተባሉት የዲስክ አደረጃጀቶች ላይ ግን ማንበብ እንጂ መጻፍ አይችልም። ምልክቱን መጻፍ ካልቻለ ያለፈው መነሳት ተሳክቶ እንደሆነ የሚያውቅበት መንገድ የለውም፤ ስለዚህ በዩኢኤፍአይ በሚነሳ ኮምፒውተር ላይ ሁልጊዜ 30 ይወስዳል። «ፋይንድኤምኤንቲ -ቲ /ቡት» ብላችሁ እዩ፤ ቲው እዚህ ትልቁ ፊደል ነው። የፋይል ሲስተሙ ዓይነት ቢቲአርኤፍኤስ ወይም ዜድኤፍኤስ ከሆነ፣ ወይም ምንጩ «/ዴቭ/ማፐር» ብሎ የሚጀምር የኤልቪኤም ክፍል ከሆነ ነገሩ ይኸው ነው።

ለሁለቱም የሚሆነው መስመር አንድ ነው። «/ኢቲሲ/ዲፎልት/ግሩብ» ውስጥ ይህን ጨምራችሁ አፕዴት-ግሩብን አስኪዱ፦

ግሩብ_ሪኮርድፌል_ታይምአውት=8

0 ግን አትጻፉበት። ሊኑክስ እምቢ ባለ ዕለት የቀድሞውን ከርነል ወይም ሪከቨሪውን የምትመርጡበት ዕድል እነዚህ ጥቂት ሰከንዶች ናቸው።

ሜኑው ጭራሽ የማይታየው

መጀመሪያ የሚጠረጠረው ስታይሉ ነው፤ «ሂደን» መሆኑን እዩ። እስከ ትናንት ይታይ የነበረው ዛሬ ከጠፋ ግን ኦኤስ-ፕሮበርን መርምሩ። በ2021 ከወጣው ግሩብ 2.06 ጀምሮ ይህ ፕሮግራም ለደህንነት ሲባል በነባሪ እንዳይሠራ ተደርጓል። ውጤቱ ሁለት እጥፍ ነው። ዊንዶውስ ከዝርዝሩ ይወጣል፤ ኡቡንቱ ላይ ደግሞ «ሌላ ሲስተም የለም» ስለሚባል ያ 10 ሰከንድ አይጨመርም፣ «ሂደን» እና 0 እንዳሉ ይሠራሉ። ስለዚህ ሜኑውም አብሮ ይጠፋል። አፕዴት-ግሩብን ስታስኬዱ ኦኤስ-ፕሮበር እንደማይሠራ የሚያስጠነቅቅ መስመር ካያችሁ ይህን ጨምሩ፦

ግሩብ_ዲስኤብል_ኦኤስ_ፕሮበር=ፎልስ

ኦኤስ-ፕሮበር ራሱ መጫኑንም አረጋግጡ። እንደገና ስታመነጩ ዊንዶውስ ቡት ማናጀር ተገኘ የሚል መስመር ተርሚናሉ ላይ መውጣት አለበት።

ፌዶራ ላይ ምክንያቱ ሌላ ሊሆን ይችላል። ፌዶራ ብቻውን ሲጫን «ሜኑ_ኦቶ_ሃይድ» የሚል ምልክት ግሩብኤንቭ ውስጥ ያስቀምጣል፤ ያለፈው መነሳት ከተሳካ ሜኑው አይታይም። ዊንዶውስን በኋላ የጨመረ ሰው ታይምአውቱን ቢያበዛም ለውጥ አያይም። «ሱዶ ግሩብ2-ኤዲትኤንቭ - አንሴት ሜኑ_ኦቶ_ሃይድ» ይገላግላችኋል።

ኮምፒውተሩ ሜኑ ሳያሳይ በቀጥታ ዊንዶውስ የሚገባ ከሆነ ግን የግሩብ ፋይል ውስጥ የምትፈልጉት ነገር የለም፤ ግሩብ ገና አልተጠራም። የዊንዶውስ ትልልቅ አፕዴቶች ወይም የፈርምዌር አፕዴት ተራውን ቀይሮት ይሆናል። ሊኑክስን ከፈርምዌሩ የማስነሻ ሜኑ መርጣችሁ ግቡና በኢኤፍአይቡትኤምጂአር ተራውን አስተካክሉ። ለምሳሌ ሊኑክሱ 0003፣ ዊንዶውሱ 0000 ከሆነ «ሱዶ ኢኤፍአይቡትኤምጂአር -ኦ 0003,0000» ይሆናል፤ በዝርዝሩ ላይ የነበሩትን ሌሎች ቁጥሮችም ከኋላ ጨምሯቸው። ዊንዶውሱ በቢትሎከር (የዊንዶውስ የዲስክ መቆለፊያ) የተቆለፈ ከሆነ የመክፈቻ ቁልፉን አስቀድማችሁ በእጃችሁ ያዙ፤ የማስነሻ መንገዱ ሲለወጥ ሊጠይቃችሁ ይችላል።

ፋይሉን ለመድረስ አሁኑኑ ሜኑው ካስፈለጋችሁ፣ የፈርምዌሩ አርማ እንደጠፋ ኢስኬፕን አንድ ጊዜ ንኩ፤ በአሮጌው ባዮስ በሚነሱት ላይ ሺፍትን ተጭኖ መያዝ ነው። ኢስኬፕን ደጋግማችሁ ከመታችሁት ሜኑውን አልፋችሁ «ግሩብ>» የሚል የትእዛዝ መስመር ላይ ትወድቃላችሁ። አትደንግጡ፤ «ኖርማል» ብላችሁ ኢንተር ተጫኑ፣ ወዲያው ኢስኬፕን አንድ ጊዜ ብቻ ንኩ።

ሜኑው እየታየ ቁልፍ የማይሰማ ከሆነ ፈርምዌሩ ውስጥ ፋስት ቡት የሚለውን አጥፉ። ጊዜ ለመቆጠብ ሲል የዩኤስቢ ኪቦርዱን ሳያነቃ ስለሚያልፍ ቆጠራው እያለቀ እናንተ በከንቱ ትጫናላችሁ። የብሉቱዝ ኪቦርድማ ግሩብ ላይ አይሠራም። በተቃራኒው ቆጠራው ሳይጀምር የሚቆም ከሆነ ኪቦርዱ ላይ የተጣበቀ ቁልፍ ፈልጉ፤ ለግሩብ ማንኛውም ቁልፍ ሰው መጣ ማለት ነው።

ሁለት ሊኑክስ ካለ

ከዊንዶውስ ሌላ ሁለት ሊኑክስ የተጫነበት ኮምፒውተር ላይ ሁለት ግሩብ፣ ሁለት «/ኢቲሲ/ዲፎልት/ግሩብ» አለ። ፈርምዌሩ የሚጠራው አንዱን ብቻ ነው። ሚንት ውስጥ ሆናችሁ የምታርሙት ፋይል፣ ሜኑውን የሚያመጣው የዴቢያኑ ግሩብ ከሆነ፣ ምንም አይለውጥም። የቱ እንደሆነ ለማወቅ ሜኑው ላይ ሲ ፊደልን ተጫኑና ይህን ጻፉ፦

«ኢኮ $ፕሪፊክስ»

«(ኤችዲ0,ጂፒቲ5)/ቡት/ግሩብ» የሚመስል መልስ ይመጣል። የመጀመሪያው ዲስክ ከ0፣ ፓርቲሽኑ ከ1 ነው የሚቆጠረው፤ ስለዚህ ይህ ግሩብ ማዋቀሪያውን ያነበበው ከመጀመሪያው ዲስክ አምስተኛ ፓርቲሽን ነው። ያ ፓርቲሽን የየትኛው ሊኑክስ እንደሆነ «ኤልኤስቢኤልኬ» ያሳያችኋል። ቁጥሩን እዚያኛው ውስጥ ገብታችሁ ቀይሩ።

ሲስተምዲ-ቡት ላይ

እዚህ ማመንጨት የሚባል ነገር የለም። ኢኤስፒው ውስጥ «ሎደር/ሎደር.ኮንፍ» የተባለ ፋይል አለ፤ «ታይምአውት 8» ተብሎ ያለ እኩል ምልክት ይጻፍበታል። «ሜኑ-ፎርስ» ከተባለ ሳይቆጥር ይጠብቃል፤ «ሜኑ-ሂደን» ከተባለ ወይም 0 ከሆነ፣ ሜኑውን ለማየት ኮምፒውተሩ ሲነሳ ስፔስን ተጭኖ መያዝ ነው።

ወጥመዱ ሜኑው ራሱ ላይ ነው። እዚያ የመደመር ወይም የመቀነስ ምልክት ከተነካ ጊዜው ይቀየርና በፈርምዌሩ ማህደረ ትውስታ ውስጥ ይቀመጣል፤ ከዚያ በኋላ ፋይሉ ላይ የምትጽፉት አይሰማም። ሳያስቡት አንድ ጊዜ የነካ ሰው ፋይሉን ለቀናት ሊያርመው ይችላል። «ሱዶ ቡትሲቲኤል ሴት-ታይምአውት 8» በቀጥታ ያንኑ ቦታ ይቀይረዋል። በቁጥሩ ፈንታ ባዶ የጥቅስ ምልክት ከሰጣችሁት ደግሞ የተቀመጠውን አጥፍቶ ፋይሉን ወደ ሥልጣኑ ይመልሰዋል።

የዊንዶውስ ሁለተኛ ቆጠራ

ከግሩብ ዊንዶውስን መርጣችሁ ሌላ ሜኑ ከመጣ የዊንዶውስ ቡት ማናጀር ከአንድ በላይ ምርጫ አለው ማለት ነው፤ ብዙ ጊዜ የቀድሞ የዊንዶውስ ጭነት ትራፊ ነው። የእሱ ነባሪ ቆይታ 30 ሰከንድ ነው። ዊንዶውስ ውስጥ ኮማንድ ፕሮምፕትን በአድሚኒስትሬተር ከፍታችሁ «ቢሲዲኤዲት /ታይምአውት 5» በሉ። ትራፊውን ምርጫ ማውጣት ከተቻለማ ሜኑው ራሱ ይቀራል።

ስንት ይሁን?

ከ5 በታች አልመክርም፤ ምክንያቱ ሞኒተሩ ነው። ብዙ ሞኒተሮች ምልክት ሲያገኙ ለመንቃት ጥቂት ሰከንድ ይፈልጋሉ። 3 ከጻፋችሁ ስክሪኑ ሲበራ ሜኑው አልፏል፤ ሰው ደግሞ ሴቲንጉ አልሠራም ብሎ ያስባል። ለላፕቶፕ 5፣ በኬብል ለተያያዘ ሞኒተር 8 ወይም 10 ይበቃል።

-1 ለሚጠነቀቅ ሰው ጥሩ ይመስላል፤ ነገር ግን ከርቀት ሪስታርት የምታደርጉት ኮምፒውተር ከሆነ ሜኑው ላይ ቆሞ ይቀራል። ዊንዶውስ ሲታደስም በመሃል ሁለት ሦስት ጊዜ ራሱን ያስነሳል። ቆጠራው አልቆ ነባሪው ሊኑክስ ከሆነ አፕዴቱ በግማሽ ቀርቶ ሊኑክስ ውስጥ ትገባላችሁ። ለዚህ የሚረዳው ግሩብ መጨረሻ የተመረጠውን እንዲደግም ማድረግ ነው፦

ግሩብ_ዲፎልት=ሴቭድ
ግሩብ_ሴቭዲፎልት=ትሩ

ዊንዶውስን አንዴ ከመረጣችሁ አፕዴቱ እስኪያልቅ ወደ ዊንዶውስ ይመለሳል። ይህም ግሩብኤንቭ ላይ መጻፍን ስለሚጠይቅ «/ቡት» ኤልቪኤም ወይም ቢቲአርኤፍኤስ ላይ ከሆነ አይሠራም።

ለውጡ ስንት ሰከንድ እንዳተረፈ ለማየት ሊኑክስ ውስጥ «ሲስተምዲ-አናላይዝ» በሉ። በዩኢኤፍአይ በሚነሱ ብዙ ኮምፒውተሮች ላይ ጊዜውን ፈርምዌር፣ ሎደር፣ ከርነልና ዩዘርስፔስ ብሎ ይከፋፍለዋል። የሜኑው ቆይታ ያለው «ሎደር» ውስጥ ነው። እሱ 9 ሰከንድ ሆኖ «ፈርምዌር» 20 ከሆነ፣ ያስቸገራችሁ መጠበቅ ከግሩብ በፊት ያለ ነውና መፈለግ ያለበት ፈርምዌሩ ሴቲንግ ውስጥ ነው።